ሁለተኛው ጠባሳ

ጥር 6 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ልጄ በደለችኝ። እኔ በገዛ እጄ ፊቷ ላይ ያኖርኩትን የብጣት ምልክት ሳትጠይቀኝ በሌዘር አስጠፋች። ሐኪሙ ምን ሆነሽ ነው ሲላት የመኪና አደጋ ነው ብላዋለች። ዐይኗን ያተረፈላትን እጅ መኪና አደረገችው።

ደብተር፣ ዛሬ ልነግርህ የነበረው ሌላ ነው። ጠዋት እዚህ ቤት ቁስሉን የማክምለትን የጋራዥ ሠራተኛ ክንድ አጥቤ ፋሻ ቀየርኩ። እየጠገገ ነው። ፋሻ አልቋል። ይህን ልጽፍ ቁጭ ስል በር ተንኳኳ።

ሣራ ናት። ሻርፕ ተከናንባ። ገለጠችው። ከሁለቱ ዐይኖቿ ጥግ ቆዳው ተልጧል፤ በግራ በኩል እስከ ጉንጯ ወርዷል። ቀይ ነው፣ ያዣል፣ ቫዝሊን ተቀብቶ ያብለጨልጫል። አዲስ መሣሪያ ነው አለች፤ ጨረሩ የላይኛውን ቆዳ በስሱ ያነሣዋል፣ በምትኩ አዲስ ይወጣል። ሁለት ሳምንት እዚህ ናይሮቢ ዳር፣ ካሳራኒ እኔ ቤት ልትደበቅ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳለች። ከጓደኞቿ ጋር ወደ ተከራየችው ቤት እጮኛዋ ናትናኤል ይመላለሳል። እንዲህ ሆና እንዲያያት አልፈለገችም።

ለምን አደረግሽው አልኩ። የናትናኤል እናት፣ ሀብታሞች ሰፈር ላቪንግተን የሚኖሩት ሴትዮ፣ ምልክቱ የሠርጉ ፎቶ ላይ እንዳይወጣ ፀጉርሽን ወደ ፊት ልቀቂው ብለዋታል። በቃ። ስለ ፎቶ።

አልጋዬን ለቀቅኩላት። ከዚያ በኋላ አላናገርኳትም።

ጥር 7፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ተኝታለች። ነገሩን እንደነበረ ልጻፈው።

ሁለት ዓመቷ ነበር። ዐይኗ አብጦ፣ መግል ይዞ፣ ጠዋት አይገለጥም። እኔ ያኔ የጤና ጣቢያ ጠራጊ ነበርኩ። ፊደል የለየሁት ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ነው። ቁስል ማጠብ የተማርኩት በር ላይ ቆሜ እያየሁ ነው። ኋላ ግን ቁስል አካሚው ድሬሰር ሲታመም ማንን ይጠሩ ነበር? እኔን። በአገራችን የልጅ ዐይን ሲታመም ጥጉን ይበጡታል፤ መጥፎው ደም ይወጣል ይባላል። የሰፈሩ በጪ የዛገ ምላጭ ነበር የሚይዘው። እኔ አዲስ ምላጭ ገዛሁ፣ ቀቀልኩ፣ በአልኮል ጠረግኩ። እናቷ አስቴር ጭንቅላቷን ያዘች። ቀኙ ቀጥ ብሎ ወጣ። የግራው ወደ ጉንጯ ወረደ። ልጅቷ ተወራጨች እንጂ እጄ አልሳተም። በሳምንቱ ዐይኗ በራ።

አስቴር፣ ሣራ ነፍስ ካወቀች በኋላ ስደት ስንወጣ፣ ሞያሌ ሳንደርስ ሞተች። እኔና እሷ አንድ ላይ ሆነን ከሠራነው ነገር የቀረኝ ያ ብጣት ነበር።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ሐኪሙ የሰጣትን ወረቀት አነበብኩ። እንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ሦስት ጊዜ። ቫዝሊኑ ሳይቋረጥ ይቀባ፤ ቅርፊት አይያዝ፤ ለወራት ፀሐይ አይንካው። ከንቱ ነገር። ቁስል ይደርቃል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ቅርፊቱ ይወድቃል። አርባ ዓመት ያየሁት ይህንን ነው። እርጥብ የተተወ ቁስል ሲሸትም አይቻለሁ።

ውሃ በጨው አፈላሁ። ቫዝሊኑን ጠረግኩ። የቁስል ማድረቂያውን የሰልፋ ዱቄት ነሰነስኩበት። ጥርሷን ነክሳ ቻለች። አስቀድማ ግን ተከራክራኛለች።

«አባባ፣ ወረቀቱ እንዲህ አይልም።»

«ወረቀቱ አላሳደገሽም።»

ፊቷን ሰጠችኝ። እንዲህ ስላት ዝም ማለት ልማዷ ነው።

ጥር 12፣ ሰኞ፣ ረፋድ

አራስ ልጅ የጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ አጥንቱ ይጠናል። ቁስልም ያው ነው። ልብስ የሚሰጣበት ጣሪያ ላይ ወንበር ይዤ አወጣኋት። ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ የግራ ጉንጯን ወደ ፀሐይ። ሻርፗን ስትስብ አወርደዋለሁ። ከታች የቲካ መንገድ ማታቱዎች፣ ሚኒባሶቹ፣ ይጮኻሉ።

አከራያችን ማማ ዋንጂሩ አንሶላ ልታሰጣ ወጥታ አየችን። ዳክታሪ፣ ሐኪሙ ማለቷ ነው፣ ልጅህን እንደ ዓሣ ልታደርቃት ነው ወይ አለችኝ በስዋሂሊ። ሣራ ሳቀች። ስትስቅ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ደማ። ዱቄት ጨመርኩበት።

ደብተር፣ ቂሜ እየላላ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። ስለ ሠርጉ አወራችኝ። ሚያዝያ ነው። ይዣት የምገባው እኔ ነኝ። ማታቱዎቹን የማይ መሰልኩ። ሰማሁ ግን።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ቅርፊቱ ወደቀ። ከሥሩ ቀላ ያለ ለስላሳ ቆዳ። ብጣቱ የለም።

በመስታወት አየችና አለቀሰች፣ በደስታ። እጄን ሳመች። ተምረው ቢሆን ኖሮ ትልቅ ሐኪም ይሆኑ ነበር አለችኝ። የዚያን ሐኪም ወረቀት ብትከተይ ዛሬም ታዢ ነበር አልኳት።

ልጻፈው፦ ኮራሁ። ማታቱ ድረስ ሸኘኋት። ቤቱ ሰፋብኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ፣ ከአምልኮ መልስ

አየኋት። ፊቷን በፓውደር ሸፍናለች። ከሥሩ ጥቁር ነው። በሁለቱም ዐይን ጥግ፣ እንደ ጥቀርሻ። ግራ ጉንጯ ላይ ጠጣር ነገር ተነሥቷል፣ እንደ ገመድ። ፈገግ ስትል አብሮ አይዘረጋም። ድሮ ብጣቱ የክር ያህል ነበር።

ያልፋል አልኳት። ያልፋል አባባ፣ አለች እሷም።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ፈለግኩ። አልጋ ሥር ወድቋል። አዲሱ ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይጠቁራል፣ ይልቁንም ጠይም ሰው ላይ፣ ይላል። በጥርም ይህንኑ ነበር የሚለው።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ከሐኪሙ ዘንድ ደርሳ መጣች። ቅባቱን ሳታቋርጪ ተቀብተሻል? ከፀሐይ ተከልለሻል? ብሏታል። ሁለቱንም አዎ ብላዋለች። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ መሣሪያውን አብዝቼው ይሆናል፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

ይህን ስትነግረኝ ወደ መስኮቱ ነው የምታየው። ለምን ዋሸሽው አልኩ። ምን እንድለው ፈልገው ነበር አለችኝ። ሻይ አፍልታልኝ ሄደች። ሻይዋን አልጠጣሁትም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ናትናኤል መጣ፣ ሣራን ይዞ። ደግ ልጅ ነው። እዚሁ ናይሮቢ ያደገ፤ አማርኛው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የተጣፈ ነው፤ እኔንም ሙዜ፣ ሽማግሌው፣ ነው የሚለኝ። በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። በሐኪሙ ላይ የተጻፈ ክስ ነው። ፈቃዱ እንዲነጠቅ ይጠይቃል።

«ሙዜ፣ እዚህ ቤት ያስታመሟት እርስዎ ነዎት። ኢንስትራክሽኑን ፎሎው አድርጋለች ብለው ሳይን ያድርጉልን። ዊትነስ የምንፈልገው ለዚያ ብቻ ነው።»

ሣራ ከኋላው ቆማለች። ዐይኗ ወለሉ ላይ። ክሱን እንዳልፈለገችው ገባኝ፤ ግን ከዋሸች በኋላ በምን አፏ ትከልክለው?

ብዕር አነሣሁ። ቀለም የለውም አልኩ። ውሸቴን ነው። ሳምንት እመጣለሁ ብሎ ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

የካቲት 30፣ እሑድ

አምልኮ አልሄድኩም።

ሌላም ነገር አለ ደብተር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያኔ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለሕፃኗ የዐይን ቅባት ሰጥቶ ነበር። አስቴር ጠዋትና ማታ ትቀባት ነበር። አይቻለሁ። እንዳላየ ሆንኩ። ዐይኗ ሲበራ ምላጬ ነው አልኩ። አስቴርም አዎ ምላጭህ ነው አለች፣ እኔ ደስ እንዲለኝ። እስክትሞት እንዲሁ አለች።

እጄም ስቷል። ልጅቷ አልተወራጨችም። እናቷ አጥብቃ ይዛት ነበር።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ክሊኒኩ ሄድኩ። ሁለት ማታቱ። ያለቀጠሮ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሕንዳዊ፣ ትሑት። ተቀመጡ አለኝ። አልተቀመጥኩም። ቫዝሊኑን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፤ መኪና የሚባል ነገር አልነበረም፣ የመጀመሪያውንም ያደረግሁት እኔ ነኝ አልኩት። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮቹን ቤት አጥንቻቸው ነበር።

የሣራን ፋይል አውጥቶ አገላበጠ። ከዚያ በጥንቃቄ ቢያዝም እንዲህ ያለ ቆዳ ሊጠቁር ይችላል አለ። በዓመት ውስጥ ይደበዝዝ ይሆናል። ጉንጯ ላይ ያበጠውን በመርፌ ይሞክረዋል። የቱ ከኔ ጨረር፣ የቱ ከእርስዎ ፀሐይ እንደሆነ መለየት አልችልም አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። አልተቀበልኩትም።

የሕክምና ትምህርት አለዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩ። ይህን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ሁለቱም ባሉበት ተናገርኩ። ቁጭ ብዬ አይደለም። ቆሜ።

ናትናኤል መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እኔን አላየም፣ ሣራን አየ። እኔንም ዋሽተሽኛል ማለት ነው አላት። ሰውየውን ሥራውን ላሳጣው ነበር እኮ አላት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ደኅና ዋሉ ሳይል ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ተሰማን።

እኔ የጠበቅኩት በኔ ላይ እንዲጮኽ ነው። በሷ ላይ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። እውነት ስናገር ማንን እንደሚመታ አላየሁም።

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሣች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

«አባባ፣ ፊቱ የኔ ነው። ድሮ ዐይኗን አተረፍኩ ይሉ ነበር። አሁን ፊቷን አቃጠልኩ ይላሉ። ሁለቱም ጊዜ የሚወራው ስለ እርስዎ ነው። የሱም እናት ስለ ፎቶአቸው ነው የሚያወሩት። እስካሁን አንድ ሰው አሞሻል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።»

አሞሻል ወይ አልኳት። ዘግይቻለሁ። ሻርፗን አንሥታ ወጣች።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ከሣራም ከናትናኤልም ምንም ወሬ የለም። ለጋራዡ ሠራተኛ ከእንግዲህ ክንዱን ሐኪም ቤት ሄዶ እንዲያሳይ ነገርኩት። ቅር አለው። ሌሎች ሁለት ሰዎችም መለስኩ። ምላጩን፣ መቀሱን፣ ሰልፋውን በጨርቅ ጠቅልዬ ጣልኩ።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሣራ መጣች። ፓውደር የለባትም። ናትናኤል በሦስተኛው ቀን ተመልሷል። ሁሉን ነገር፣ ብጣቱንም የእናቷንም ቅባት፣ ራሷ ነግራዋለች። ቅባቱን እንዴት አወቅሽ አልኳት። እናቴ ነግራኛለች አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ታውቅ ኖሯል። ዝም ያለችው እንደ እናቷ ነው።

የናትናኤል እናት የሣራ ፊት እስኪጠራ ሠርጉ ይዘግይ ብለው ነበር። ናትናኤል እንቢ አለ። ሚያዝያ ላይ ይሆናል። እንዳለች ትቆማለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ። ይዘውኝ ይገባሉ፣ ይመርቁኛል አለችኝ፤ ስለ ፊቴ ግን ለማንም አንድም ቃል እንዳይናገሩ። ይቅርታም ቢሆን። ሲያዩኝ ዐይንዎ እንዳይቅበዘበዝ።

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ያስቸገረኝን ያህል ምላጭ መያዝ አላስቸገረኝም።

እሷ ስትወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። ለሌሎች ወላጆች ትምህርት ይሆናልና በጉባኤ ፊት ምስክርነት ስጥ አሉኝ። ሸክሙ ይቀልልሃል አሉ። አልሰጥም አልኩ። ለመኑኝ። አልሰጥም። ሲወጡ ልቡ የደነደነ ሽማግሌ እንዳሉኝ ከፊታቸው አየሁ። ይበሉ።

ለሐኪሙ ነገርኩ። ለናትናኤል ነገርኩ። ለእግዚአብሔር ነገርኩ። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቀኝ አልናገረውም፤ ላንተም ቢሆን፣ ደብተር።