የመምህሩ ዘላዮች

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሁለት ቀሚስ ሰፍቼ ጨረስኩ። የሦስተኛው ዚፕ አስቸገረኝ። መምህሩ ባሌ እንደ ልማዱ ከጓሮ ኩሬው በብርጭቆ ቀድቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። "ነይ እይ፣ ዘላዮቼ ወለዱ!" የውሃ ቁንጫ የሚባሉት ናቸው፣ ከሰሊጥ ያነሱ፤ ውሃው ውስጥ እንጣጥ እንጣጥ ይላሉ። የሰው ባል ወርቅ ያመጣል፣ የኔው ተሐዋስያን። ይሁን... ጡረታ ከወጣ ወዲህ የተዘጋ አፉ በእነሱ ነው የተከፈተው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የልጄ ልጅ እኛ ጋ ዋለች። ዘወር ከማለቴ በመጫወቻ ሲኒዋ ከኩሬው ቀድታ ስትጠጣ ደረስኩ። ኧረ የኔ ጉድ! "ምንም አትሆንም፣ ዘላዮቹ እኮ ውሃ የሚያጠሩ ናቸው" ይለኛል ደግሞ መምህሩ! አጉሊ መነጽሩን ነጥቄ አየሁ። እግር አላቸው። አንድ ትልቅ ጥቁር ዓይን አላቸው። አሁን ሆዷ ውስጥ እየዘለሉ ይሆን?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ልጄ ደወለች። ትንሿን አተኩሷታል... መምህሩ ፀጉሩን ሊቆረጥ እንደወጣ አንድ ጠርሙስ በረኪና ኩሬው ውስጥ ገለበጥኩ። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጣልኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሐኪሙ "ጉንፋን ነው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ያመጣችው" አለ። ጉንፋን!

ዘላዮቹ አንድ ሳይቀሩ ሞተዋል። መምህሩ ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ ዋለ። ምሳ አልበላም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን አይለቀም። ልንገረው? ነገ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አልነገርኩትም።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አለኝ ምሳ ላይ። ኩሬው ሲጎድል የቧንቧ ውሃ ይጨምርበታል፤ ክሎሪኑ እንዲወጣለት መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ሁለት ቀን ያሳድረዋል። "ሳላሳድር ጨምሬ መሆን አለበት። አላስታውስም እኮ... እንደ ወንድሜ ልሆን ነው።"

ታላቅ ወንድሙ በመጨረሻ የገዛ ልጆቹን "እናንተ የማን ናችሁ?" ይል ነበር።

"ሁሉም ሰው ይረሳል" አልኩት። ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

እሑድ፣ የካቲት 9

በየቦታው ወረቀት ለጥፏል። ምድጃው ላይ "አጥፋ"። በሩ ላይ "ቁልፍ ያዝ"። ልጃችንን በስልክ "ትንሿን ከእኔ ጋር ብቻዋን እንዳትተዋት" ሲላት ሰማሁ። ድምፁ የሽማግሌ ሆኗል።

የኔ ውሸት ሰውዬውን ሊያሳብደው ነው። ብነግረውስ? ቢጠላኝስ... በዚህ ዕድሜ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ነገርኩት። መቀሴን እንደያዝኩ፣ ቆሜ።

"በረኪና ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አንተ ምንም አልረሳህም።"

"መቼ?" አለኝ።

"ረቡዕ... ልትቆረጥ ስትወጣ።"

"እና ይሄን ሁሉ ቀን፣ አእምሮዬ አለቀ ብዬ ስንቀጠቀጥ ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ?"

ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። በኃይል ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አላናገረኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ቁርስ ላይ ፈነዳ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር የበደልኩትን ሁሉ ዘረገፈው። ከሠርጋችን በሦስተኛው ቀን እናቱን ያስቀየምኩበትን፣ ከነቃሉ። ሰማያዊ ኮቱን ሳልጠይቀው ያጠበብኩበትን፤ "ሐሙስ ነበር፣ ዝናብ ይጥል ነበር፣ አንቺ ያንን ቢጫ ሹራብ ለብሰሻል!" የአክስቱን ሰዓት የሰበርኩበትን... እኔ ራሴ የረሳሁትን ሁሉ! አንገቴን ደፍቼ ሳለቅስ፣ መሀል ላይ ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ያስቅሻል?" ብሎ ጮኸ።

"አንዱንም አልተሳሳትክም" አልኩት። "ቀኑን እንኳን።"

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ገና አልጨረስኩም" አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁ ግን ለስልሶ። ሻይ ጨመርኩለትና እስኪጨርስ አዳመጥኩት።