ከአውሮፕላኑ ብቻዬን የወረድኩ ቀን

ጁባ፣ አማራት

ውድ ኢዛና፣

ሐሙስ ዕለት የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። «ሠርፄ፣ ያለፈ ነገር አትቀስቅስ፤ እዚህ ስሜ ከተነሳ አበቃልኝ» ትላለህ። ከኋላህ ልጆችህ ሲሳሳቁ ይሰማል። አምለሰትም ሻይህ እንደቀዘቀዘ ስትነግርህ ሰማኋት። ሠርጋችሁ ላይ ሚዜህ ሆኜ ከጎንህ ስቆም «ይህን ሰው አደራ» ያለችኝ ትዝ አለኝ። በስልክ ልመልስልህ ሞከርኩ፤ አቃተኝ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ጁባ ያመጣኸኝ አንተ ነህ። የአብራሪነት ፈቃዴን ይዤ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ «ና፣ እዚህ የበረራ ሰዓት ትሞላለህ» ብለህ ደወልክልኝ። ዘመዶቼ ሆቴል እያደርኩ በመኪና የምመላለስ ይመስላቸው ነበር። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ካፒቴን ነው» ትላለች፤ እኔ ገና ረዳት አብራሪ ነበርኩ፤ የምተኛውም ከኮንቴይነር በተሠራች ክፍል ውስጥ ነው። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ በሩን ከፍተን ከትንኝ ጋር እንታገላለን። ፓስፖርታችን «ለሥራ ፈቃድ» ተብሎ ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። አራት ጊዜ ወባ ያዘኝ። ሁለቱን ጊዜ ሾርባ እየያዝክ እየመጣህ ያስታመምከኝ አንተ ነህ፤ ይህን አልክድም። ማረፊያው ሜዳ ላይ ከብት ሲተኛ እንዴት ዝቅ ብሎ በማለፍ እንደሚባረር፣ ዝናብ የጠገበ አፈር ላይ ፍሬን እንዴት በቀስታ እንደሚያዝ ካንተ ተማርኩ። የጭነቱን ክብደት ሰነድ ላይ አሳንሶ መጻፍም ካንተ ተማርኩ። መጀመሪያ ስጠይቅህ «እዚህ ሁሉም የሚበረው እንዲህ ነው» አልከኝ። እኔም ፈረምኩ። ስንት ጊዜ እንደፈረምኩ አሁን አላስታውስም።

ያን ቀን ጠዋት ወደ ፒቦር ነበር የምንሄደው። ነሐሴ ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ተሳፋሪ አልነበረንም፤ ማሽላ፣ የዘይት በርሜልና አንድ ትልቅ ጄኔሬተር ነበር የጫንነው። አብሮን የሚበረው የጭነት ተቆጣጣሪ ስምኦን ጭነቱን እያስተካከለ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ስደተኛ ሆኖ ጋምቤላና አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ስለሆነ አማርኛው ከኛ ይፈጥን ነበር። በእጁ የጻፈውን የሚዛን ዝርዝር ለኔ ሰጠኝ። ሰነዱ ላይ ከሰፈረው በስድስት መቶ ኪሎ ይበልጣል። በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ላንተ አሳየሁህ።

«ካፒቴን» አለህ ስምኦን፣ «ጄኔሬተሩን የሚይዘው መረብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጫፉ ተበጥሷል። ሌላ እስኪመጣ እንጠብቅ።»

«ዛሬ ካልደረሰ ውሉ ይሰረዛል ተብያለሁ። በገመድ እሰረው።»

«ገመድ አይችለውም።»

«ስምኦን፣ አውሮፕላኑን የማበረው እኔ ነኝ።»

ያኔ ነው የጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ የተነሳሁት። «እኔ አልበርም» አልኩህ። ፊቴን ሳታይ «እንግዲያው ውረድ» አልከኝ። ወረድኩ። አንድ ኬንያዊ ረዳት አብራሪ ከቢሮ ተጠርቶ በቦታዬ ገባ።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደረጃውን ስወርድ ስምኦን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ አንተ እንዳትሰማ ድምፁን ቀንሶ፣ «ሠርፀ፣ እኔም ልውረድ?» አለኝ።

እውነቱን ብነግረው ይወርድ ነበር። ማታውኑ ግን ከሥራ ይባረራል፤ እኔ ደግሞ ሰው አሳመፀ ልባል ነው። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ዞረ። «ኢዛና ያውቃል፤ እሱን ጠይቀው» አልኩት።

«ማፊ ሙሽኪላ» አለና በሩን ዘጋው። ችግር የለም ማለቱ ነው። ጥላ ሥር ቆሜ ስትነሱ አየኋችሁ። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ላይ ላሉት ሰዎች መንገር እችል ነበር፤ ሬዲዮ እጄ ላይ ነበር። አልነገርኩም። ራሴን አውጥቻለሁ፤ ያ በቃኝ።

የሆነውን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ፒቦር ስታርፉ አውሮፕላኑ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ከሜዳው ሲወጣ ገመዱ ተበጠሰ፤ ጄኔሬተሩም ወደፊት መጥቶ ስምኦንን ከወንበሩ ጋር አጣበቀው። ላንተ ግንባርህ ላይ ሦስት ስፌት። እሱን ብረት ቆርጠው እስኪያወጡት ድረስ ግማሽ ቀን ፈጀ። ጁባ ሲያደርሱት ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሊያተርፉለት አልቻሉም።

በሦስተኛው ቀን ክፍሌ መጣህ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ አለቀስክ። «ሆዴን አሞኝ ወረድኩ፣ ጭነቱን አላየሁም በል። ልጆች አሉኝ» አልከኝ። በማግስቱ መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ ቃል በቃል ያንኑ አልኩ። ያንተን ቃል ያየሁት በኋላ ነው። «ተጨማሪውን ጭነት ያለ ካፒቴኑ ዕውቅና ያስገባው የጭነት ተቆጣጣሪው ስምኦን ነው» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማህ አለ። እንድሸሽግህ ብቻ የለመንከኝ መስሎኝ ነበር። በሱ ላይ ልትጭነው መሆኑን አልነገርከኝም። ኬንያዊው በሳምንቱ አገሩ ገባ። ስምኦን ሆስፒታል እንደተኛ የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። አንተ በአራተኛው ወር ባሕረ ሰላጤ አገር ሥራ አግኝተህ ሄድክ። እኔን ደግሞ ካፒቴን አደረጉኝ፤ ያንተ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እናቴ ያለችው በመጨረሻ እውነት ሆነ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። የምትልካቸውን ፎቶዎች አይ ነበር፤ ነጭ ሸሚዝህን፣ ትልቁን አውሮፕላን፣ ልጆችህን መዋኛው ዳር። «ጎበዝ» ብዬ እመልስልሃለሁ።

ባለፈው ወር ቡሉክ ሰፈር፣ ዓፊፋ ሱቅ ገባሁ። ያቺን የወሎዋን ሴት ታውቃታለህ፤ ወር በገባ ቁጥር በርበሬና ሽሮ የምንገዛት። ሒሳብ ልከፍል ስል «ካፒቴን፣ ትንሽ ቁጭ በል፤ ሰው ላገናኝህ» አለችና የጓዳውን መጋረጃ ገለጠች። ስምኦን በርጩማ ላይ ተቀምጦ የዕቃ ዝርዝር ይጽፋል። ክራንቹ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች ዓፊፋ። «የትም ሲሄድ ያ ጥፋተኛ ያደረገው ወረቀት ቀድሞት ይደርሳል። አውሮፕላን የጣለ ሰው ነው ይሉታል። እኔ ስለ አውሮፕላን አላውቅም፤ ይህ ልጅ ግን አንድ ኪሎ ስኳር ሲመዝን እንኳ ሁለቴ ነው የሚመዝነው። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ናችሁ፤ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?»

ስምኦን በክራንቹ ተነስቶ እጁን ዘረጋልኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ጠበቃ አግኝቻለሁ» አለኝ። «እግሬን አይመልስልኝም፤ እሱን አውቃለሁ። ያ ወረቀት እንዲቀደድ ነው የምፈልገው። አትላባራ ሰፈር ያሉ ዘመዶቼ እንኳ የኔ ጥፋት ይመስላቸዋል። የሚዛኑን ዝርዝር ፎቶ አንስተህ ነበር። አለ?»

«አለ» አልኩት።

«ትሰጠኛለህ?»

«ላስብበት…» ብዬ ጀመርኩና ዓፊፋ ፊቷን ስታዞር አየሁ። አፈርኩ። እዚያው ስልኬን አውጥቼ ላክሁለት።

ከዚያ ነው ለአንተ የደወልኩት፤ አብረን እንናገር ልልህ። «እናስብበት» ብለህ ዘጋህና በሳምንቱ ያን የድምፅ መልእክት ላክህ። ስለ ስምኦን አንድም ቃል የለበትም። እንዴት ነው እንኳ አላልክም። ልጆቼ ትላለህ። ስምኦን ሚስት አገባ፤ ነፍሰ ጡር ናት። አታውቅም ነበር፤ ስላልጠየቅህ።

ማክሰኞ ጠዋት ጠበቃው ቢሮ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ሆዴን እንዳላመመኝ ተናገርኩ። ስምኦን እንዳስጠነቀቀህና ምን ብለህ እንደመለስክለት ተናገርኩ። በሩ ላይ የጠየቀኝንና የመለስኩለትንም አልደበቅሁም። ከዚያ በፊት በሐሰት የፈረምኳቸውን ሰነዶች የማስታውሳቸውን ሁሉ አስመዘገብኩ። ጠበቃው ብዕሩን አስቀምጦ «ይህ እርስዎንም እንደሚጎዳ ያውቃሉ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ረቡዕ ሥራ አስኪያጁ መታወቂያዬን ተቀበለኝ። ፈቃዴ ጉዳዩ እስኪታይ ታግዷል። ምናልባት ዳግመኛ አልበርም። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ይህን የምጽፍልህ ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው። እጠላሃለሁ ብልህ ውሸቴን ነው፤ ይህ ነው ያስመረረኝ። ብጠላህ ኖሮ ገና ያኔ እናገር ነበር። ስለምወድህ ዝም አልኩ፤ ዋጋውን ግን የከፈለው እኔም አንተም አይደለንም።

ቃሌን ሰጥቼ ስወጣ ስምኦን ደጅ ይጠብቀኝ ነበር። አላመሰገነኝም፤ እንዲያመሰግነኝም አልፈልግም። የጠየቀኝ «ኢዛናስ? እሱም ይናገር ይሆን?» ብሎ ብቻ ነው። አላውቅም አልኩት።

የጠበቃውን ስልክ ለብቻው ልኬልሃለሁ። ለኔ አትደውል፤ ለሱ ደውል።

ሠርፀ