እሬት ያልሳበው ቁስል

ለምወድሽና ሁልጊዜ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ሲኞራ ኦርኔላን ከአልጋ ስታነሺ ወገብሽን እንዳመመሽ ለትንሿ ልጅሽ ለአውሪካ ነግረሻት ሰምቻለሁ፤ አሁንስ ተሻለሽ? እንቅልፍ ታገኛለሽ ወይስ አሮጊቷ ዛሬም ሌሊቱን ሙሉ ደወል ሲደውሉ ያድራሉ? በጾሙስ ምን ትበያለሽ? እዚያ ፓዶቫ ብርዱ ለቀቀ አሉ፤ እዚህ ግን ጧት ጧት አመዳዩ ገና ነው። ናፍቆቴን ሁሉ ልጻፈው ብል ትሮፊም «ይኼ ፖስታ ሳይሆን ኩንታል ነው» ብሎ ሚኒባሱ ላይ አይጭንልኝም፤ ስለዚህ ግማሹን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ከሰላምታው ቀጥሎ «እኛ ደህና ነን» የሚለው ቃል ይመጣ ነበር። ዛሬ እሱን መጻፍ አቃተኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ አንቺ ስትደውዪ ሁላችንም ወጥ ቤት ተሰብስበን ነው፤ ለብቻዬ ልደውልልሽ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ፍየሏ ግልገሎች አወራሁሽ። ለዚህ ነው በወረቀት ያደረግሁት። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው።

አባባ ታሟል። ቀኝ ጆሮው ላይ ያለው ቁስል ካንሰር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ዋና ከተማ ሆስፒታል ገብቶ ጆሮውን ይቆርጡለታል። ከዚያ በፊት እንድትደርሺልን ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ።

«የምን ቁስል?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ነገሩ የጀመረው ካቻምና የወይን ለቀማ ጊዜ ነው። የጆሮው ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቅርፊት ወጣች። ባርኔጣ እንደማይወድ ታውቂያለሽ፤ ዕድሜውን ሙሉ የወይን እርሻው ፀሐይ አናቱ ላይ ነው የወጣው። ቅርፊቷን በጥፍሩ ሲያነሣት ትደማለች፣ ትደርቃለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። አያቴ ዚኖቪያ እንደ ወጋችን አደረጉ። በአሮጌው የቀለም ቆርቆሮ የተከልሽውን እሬት ለሁለት ሳምንት ውኃ ከለከሉት፤ ከሥር ያለውን ወፍራም ቅጠል ቆረጡ፤ ቢጫ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ አቁመው አቆዩት፤ በወረቀት ጠቅልለው ምድር ቤት ከወይን በርሜሉ ጀርባ ጨለማው ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ እሾሁን በመቀስ ከርክመው፣ ለሁለት ሰንጥቀው፣ እርጥቡን ጎን ጆሮው ላይ ለጥፈው በሻሽ አሰሩለት። ማታ ማታ እንዲህ ሆነ ሥራቸው።

ማንስ ይጠረጥራል? የእኔን ሳል ከማርና ከቀይ ወይን ጠጅ ጋር ተቀላቅሎ ያበረደው ያው ቅጠል ነው። አውሪካ ምድጃው ክንዷን ሲፈጃት ያለ ጠባሳ የመለሳት እሱ ነው። አንቺም ስትሄጂ መስኮቱን አሳይተሽ «ይህ እያለ ሐኪም አያስፈልጋችሁም» ብለሽ ነበር፤ እኛም እንደ ኑዛዜ ይዘነው ነበር። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም እማዬ። በመንደሩ ይህን ያላለች እናት የለችም።

ጥፋቱ የመጣው ቁስሉ ሲሰፋ ነው። ሌላ ቦታ ቁስል ሲሰፋ ሰው ይደነግጣል፤ እኛ ጋ ግን «እሬቱ እየሳበው ነው» ይባላል። ሲደማ «መጥፎው ደም ወጣ»፤ ሲያዥ «ቅጠሉ ሥሩ ላይ ደረሰ» ይባላል። እንዲህ እየተባለ፣ ነገሩ በከፋ ቁጥር አባባና አያቴ ደስ እያላቸው፣ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። የጎረቤቶቻችን አፍም አላረፈም። እትዬ አግሪፒና በአጥር ላይ እያየችው «ኢላሪዮን፣ ይኸው ሥሩን ሊነቅለው ነው፤ ትንሽ ታገስ» ስትለው በቅርቡ እንኳ እኔው ራሴ ሰምቻለሁ።

እኔ ፋርማሲ ጨርሼ በፌብሩዋሪ ስመጣ አባባን ያየሁት የበግ ቆዳ ቆቡን ጆሮዎቹን እስኪሸፍን ደፍቶ ነው። ብርድ ነውና ምንም አልመሰለኝም፤ ሻሹንም የሚያስሩለት እኔ ከተኛሁ በኋላ ነበር። እንደምታውቂኝ ደግሞ እግሬ ቤት እንደረገጠ ሥራ ጀመርኩ፤ መቀመጥ መቼ እችላለሁ። የእሬቱን ዝልግልግ ከንብ ሰምና ከሱፍ ዘይት ጋር እያዋሃድኩ የእጅ ቅባት አወጣሁ። ወይን የሚያስሩት ሴቶች እጃቸው ተሰነጣጥቆ ይደማ የለ? ቀቡት፣ ወደዱት። እትዬ አግሪፒና እጇን እያገላበጠች «የሙሽራ እጅ አደረግሽልኝ፤ እንግዲህ ሙሽራውንም ፈልጊልኝ» እያለች መንደሩን አሳቀች። ለቅባቱ ስም ሁሉ አውጥቼለት ነበር። ዋና ከተማ ያለ አንድ የቅባት መሥሪያ ቤትም ለሥራ ፈተና ጠርቶኛል። ይህን ደስታዬን ከነገሩ ጋር አብሬ ስለጻፍኩት አትቀየሚኝ፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

አንድ ቀን ፀሐይ ሲሞቅ አባባ ቆቡን አውልቆ ወይን ሲገርዝ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ከኋላው ነበር የመጣሁት። የጆሮው የላይኛው ግማሽ የለም። ጠርዙ የተበላ፣ መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው እንደ ጎመን አበባ ያበጠ። ዝንብ ነበረበት። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥኩ፤ እሱም ደንግጦ ቆቡን ፈለገ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጨቃጨቅን። እሬት ለቃጠሎ፣ ለደረቀ ቆዳ፣ ለተሰነጠቀ እጅ ጥሩ መሆኑን፣ ወር አልፎት የማይድን ቁስል ግን ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ እየደጋገምኩ ነገርኩት። «አንቺ ቅባቱን ስትሸጪ እሬት መድኃኒት ነው፤ እኔ ስለጥፈው መርዝ ሆነ?» አለኝ። አያቴም ገቡበት፤ ዲግሪ ያጠፋው ሰው በሽታ ካጠፋው ይበልጣል ብለው ለሳምንት አኮረፉኝ። በስንት ልመና ዋና ከተማ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ስሟ ኮርኔሊያ ይባላል፤ ከቁስሉ ቆንጥራ አስመረመረችው። ውጤቱ ሲመጣ አልደባበቀችንም። ካቻምና ቢመጣ ኖሮ ቅንጣት ታህል ቆርጣ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ትሸኘው እንደነበር፣ አሁን ግን ጆሮው በሙሉ መነሣት እንዳለበት፣ አንገቱ ሥር ያለውም ዕጢ አብሮ እንደሚወጣ፣ ከዚያም ጨረር እንደሚከተል ነገረችን። ይድናል ወይ ብዬ ስጠይቃት «ቶሎ ከሆነ ተስፋ አለው» አለች እንጂ «አዎ» አላለችም። አባባ አመስግኗት ተነሣ፤ እኔ ወረቀት ስቀበል እሱ አውቶቡስ ጣቢያ ደርሶ ነበር። ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ከሚውለው ከሙታን ፋሲካ በፊት የትም አልሄድም፣ የአባቴን መቃብር ማን ያስተካክላል፣ መቃብሩ ላይ የማዕዱን ጠረጴዛስ ማን ያቆማል አለ። ማታ ደግሞ ቅጠሉን አስለጠፈ።

ቅጠሉን ያስቆመው የእኔ ዲግሪ አይደለም፤ ሻሹ ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ አያቴ እንደ ልማዳቸው ሲያስሩለት ቋጠሮው ከመንጋጋው በታች አልቀመጥ አላቸው። ፈተው አሰሩት፣ አሁንም ተንሸራተተ። በጣታቸው ሲዳብሱ የዋልነት ፍሬ የሚያህል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት አንገቱ ውስጥ አገኙ። ቅጠሉን ከጆሮው ላይ አንሥተው አሸተቱት። ከዚያ ሻሹን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና፦

«ልጄ፣ ይህ እየሳበ አይደለም፤ እየበላ ነው» አሉት።

 አውሪካ የቤት ሥራዋን ይዛ ወጣች። አያቴ እንባ አልወጣቸውም፤ እጃቸውን ብቻ እየታጠቡ ቆዩ፣ ሳሙናውን ደጋግመው። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሱም፤ በገዛ እጄ ነው ያስበላሁት ይላሉ። እኔም «ማንም ያደርገው ነበር» እላቸዋለሁ፤ እውነትም ነው፤ ግን አይገባላቸውም። አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻል ይሆናል።

አባባ እሺ ያለው በማግስቱ ነው። ያን ቀልዱን አላጣም፤ «አንድ ጆሮ ከቀረኝ የእናትሽ ጭቅጭቅ በግማሽ ይቀንሳል፤ ትዳራችን ሊቃና ነው» አለ። ሣቅን። ግን ቃል አስገባኝ፤ ሁሉም አልቆ ፀጉር እስኪሸፍነው ድረስ አንቺ እንዳትሰሚ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። በኋላ ወይኑን ስናስር፣ ፊቱን ወደ ገመዱ አድርጎ፣ «ሙሉ ሰው ትታ ነው የሄደችው» አለ።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ አውሪካ ናት ያስተዋለችው። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ስትደውዪ አባባ ሁልጊዜ የምድጃው ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አንቺ የምታዪው ግራ ጎኑን ብቻ ነው። «ምን ግድግዳ ታያለህ?» ስትዪው «ድስቱ እንዳይገነፍል» ይልሻል፤ ትስቂያለሽ። ድስት ተጥዶ አያውቅም እማዬ። ዓመት ሙሉ ግማሽ ፊቱን ነው ስታዪ የከረምሽው።

የገባሁትን ቃል አፈረስኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ሲኞራ ኦርኔላን ጥሎ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ፣ ቦታሽንም ሌላ ሰው ሊይዘው እንደሚችል አውቃለሁ። አስቤበታለሁ፤ ሌሎች ዘዴዎችንም አውጥቼ አውርጃለሁ፤ አንዱም አንቺን አይተካም። ሰውየው ቢላውን አልፈራም። የሚፈራው አንቺ ስታዪው የሚያይብሽን ፊት ነው። ይህን ፍርሃት ይዞ ሐሙስ ጧት ከበሩ ይመለሳል ብዬ እሰጋለሁ፤ አንዴ ተመልሷልና። ሐኪሟም ሁለተኛ ቀጠሮ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል ነግራኛለች። ዕጢው ግን ወር አይጠብቅም።

ትሮፊም አርብ ፓዶቫ ይደርሳል፣ ዕሑድ ይመለሳል፣ ማክሰኞ እዚህ ነው። ከሾፌሩ ኋላ ያለውን፣ እግርሽን የምትዘረጊበትን ወንበር ያዝልኝ ብዬዋለሁ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ እቃ ሲያመጣ አባባን አይቶት ኖሯል መሰለኝ፣ «ወንበሩን ለማንም አልሰጥም» ብቻ አለኝ። ስትመጪ አታልቅሺበት አልልሽም። ግን ገብተሽ በምድጃው በኩል፣ በቀኙ ተቀመጪ። ሌላውን እኔ አላውቅም፤ እናንተ ሁለታችሁ ታውቁታላችሁ።

የእኔ ፈተና እዚያው ሳምንት ነበር፤ እንዲያራዝሙልኝ ጽፌላቸዋለሁ፣ ካልሆነም ሌላ ይገኛል። ቅባቱንም አልተውኩትም። ግን አሁን ለሴቶቹ ስሰጥ እጃቸውን ብቻ ሳይሆን ፊታቸውንና ጆሯቸውን ጭምር አያለሁ። እትዬ አግሪፒና «ፈረስ የምትገዢ አስመሰልሽው፤ ጥርሴንስ አታዪም?» ብላ ተሳለቀችብኝ፤ ቢሆንም አንገቷን አዙራ አሳየችኝ። በፋሲካ ማግሥት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሁሉንም ሰብስቤ ስለማይድን ቁስል ልነግራቸው አስቤያለሁ፤ ዳይሬክተሩን አስፈቅጃለሁ።

አያቴ ዚኖቪያ በስግደታቸው ሁሉ ስምሽን እየጠሩ ነው፤ እጅሽን ይስማሉ፣ ይቅር በይኝ በያት ብለዋል። አውሪካ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፤ ጉንጭሽን ትስማለች፤ የላክሽላት ጫማ ልክ ሆኗታል። የፍየሏ ሁለት ግልገሎች አድገዋል። እትዬ አግሪፒና ከነቤተሰቧ ሰላም ትልሻለች። ሲኞራ ኦርኔላን ሰላም በዪልኝ፤ እናቴን ለጥቂት ሳምንት እንዲያበድሩኝ ለምኚልኝ።

አባባ ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ አይቷል፤ ምን እንደጻፍኩ ግን አያውቅም። አሁን በበሩ ሲያልፍ «ደህና ነኝ በያት» አለኝ።

ይህን ሰላምታ አልላክሁልሽም።

ልጅሽ ሳንዳ
ቫሊያ ኑኩሉይ፣ ሞልዶቫ
ሰኞ፣ ማርች 27 ቀን 2023