አባየን ውሃ ላይ ማውጣት

ረቡዕ

ተከራየሁ፣ አለቀ። ሐይቅ ከተማ ያለችውን አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ለቅዳሜ ይዣታለሁ። ሁለት ጠባብ ጀልባ ጎን ለጎን አጣምረው ከላይ ወለል የሠሩባት ናት። ካታማራን ትባላለች አለኝ ባለቤቷ በስልክ። ዕድሜዋን ብጠይቀው "አሮጌ ናት እንጂ በሽተኛ አይደለችም" አለ። ባሌ ሰይድ "የቆቦ ሰው ውሃ የሚያውቀው በጀሪካን ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እናቴ ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው፤ አባየ ከመስጊድና ከቤቱ ሌላ የረገጠው ቦታ የለም። በዚሁ ከቀጠለ እሱንም አጣዋለሁ።

ሐሙስ

አባየ እምቢ አለ። "ግመል ጭኜ አፋር የወረድሁ ሰውየ በስተርጅና ውሃ ይብላኝ?" ለመንሁት፣ ተቆጣሁ፣ መጨረሻ ላይ አለቀስሁ። አውቄ ነው ያለቀስሁት፣ አላፍርም። "እሽ፣ ዳር ድረስ" አለ። ለዛሬ ዳርም ይበቃኛል።

ዓርብ

ዳቦ፣ ቴምር፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ የልጆቹ ቅያሪ። ባለጀልባው ጋ እንደገና ደወልሁ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለሁላችን? "አለ።" ለሁለቱ ልጆችስ በልካቸው? "አለ።" ውሃ ታስገባለች? "ትንሽ" አለ። ሳንሳፈር የገባውን ውሃ ቀድተህ ስታወጣ ታሳየኛለህ አልሁት።

ቅዳሜ

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ባለጀልባው ውሃውን ቀድቶ አሳየኝ። ጉዱን የሠራነው እኛው ነን። ሸራው በግራ በኩል ጥላ ጥሏል፤ የቆላ ሰው ደግሞ ጥላ አይቶ አያልፍም። እኔ፣ ሰይድ፣ ልጆቹ፣ ጀሪካኑ ሳይቀር እዚያው ተከመርን። ጀልባዋ ገና ከዳር ሳትለቅ አጋደለች። ትንሿ ልጄ ጮኸች።

ዛፍ ሥር የተቀመጠው አባየ ብድግ አለ። "ማነው በአንድ ጎን የሚጭን? ግመል ብትሆን ጥላችሁ ነበር።" በዱላው እየጠቆመ ደለደለን፤ ሰይድና ጀሪካኑ ወደ ቀኝ፣ ልጆቹ ከእኔ ጋር መሀል። ዓይኑን አጥብቦ አየ። የጀልባዋ ቀኝ ጎን አሁንም ጭነት ያንሰዋል። ባለጀልባው ድንጋይ ላምጣ አለ።

"ድንጋይ ምን ያደርጋል፣ እኔ አለሁ አይደል?" አለና ቢስሚላህ ብሎ ገባ።

ፊቴን ወደ ውሃው አዞርሁ። ይሄኛው ልቅሶ የእውነት ነበር። መሀል ሐይቁ ላይ አባየ አንዴ ብቻ "እናትሽ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር" አለ። ካረፈች ጀምሮ ስሟን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ

ቆቦ ገብተናል። ትከሻየን ፀሐይ ልጦኛል። አባየ ከመስጊድ ሲመለስ ወደ ቤቱ አላለፈም፣ እኛ ደጅ ቆመ።

"ያ ሰውየ ጭነት አያውቅም። ነገ ሌላ ቤተሰብ ይዞ ቢያጋድል ማን ይነግረዋል?"

"ሄዶ ማስተማር ነው እንግዲህ" አልሁት።

ጥቂት ሄዶ ዞር አለና ወደ ሐይቅ የሚያሻግረው የወልድያው ሚኒባስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀኝ።