ውሃ ቆጥቦ ለሚሸለመው ባሌ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ከቤት

ይድረስ ለልጄ አባት፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህንስ ተሻለህ? ጉንፋን ሲይዝህ መድኃኒት አልውጥም ማለቱን ተውከው ወይስ ግትርነቱ እዛም ተከትሎሃል? የእኔ ልብስ ስፌት እንደነበረ ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ግን ዓይኔ እምቢ እያለኝ ነው። ይሄን ያህል ደህና ነኝ። ከዚህ በታች ያለው ግን ደህና አይደለም።

የግብዣ ወረቀትህ ደርሶኛል። ወፍራም ወረቀት፣ የወርቅ ቀለም! «ክብርት ወይዘሮ» ይለኛል። ስንት ዓመት «አንቺ» ስትለኝ ኖረህ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ከገባህ ወዲህ በጸሐፊህ እጅ ክብርት ሆንኩልህ። ባል ሚስቱን በፖስታ ሲጋብዝ አየሁ፤ ዕድሜ ሰጥቶ የማያሳየው የለም መቼም። ከሥሩ በራስህ ጽሑፍ «ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሺና ከጎኔ ትቀመጫለሽ» ብለህበታል። ቀሚሱ ጠቦኛል። ከጎንህ መቀመጡም እንደዚያው።

አልመጣም። ምክንያቱን በስልክ ልነግርህ ብዬ ነበር፤ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» ትላለህ። ወረቀት እስክትጨርስ ይጠብቅሃል።

የምትሸለመው የሰፈራችን ስልክ ፋብሪካ በአንተ ዘዴ የውሃ ፍጆታውን በግማሽ ስለቀነሰ ነው አሉ። እውነት ነው፣ ቀንሷል። ድሮ የስልኮቹ ቦርድ ተበይዶ ሲያልቅ ከገንዳ ገንዳ እየተዘፈቀ በውሃ ይታጠብ ነበር። አንተ አብዛኞቹን ገንዳዎች አስዘጋሃቸው። ገንዳ ሲዘጋ ቆሻሻው አብሮ አይጠፋማ! አሁን ሴቶቹ ተደርድረው በብሩሽና በጨርቅ፣ በኬሚካል እየነከሩ አንድ በአንድ ይጠርጉታል። ውሃው ተረፈ፣ ኬሚካሉ በዛ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ አንተ ብብት ውስጥ የነበረችው ደግሞ ልጅህ ናት።

እጥበት ክፍል ያስገባሃት አንተ ነህ። «ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው፣ ፀሐይ አይነካት» አልክ። ቁጭ ብላለች። ሆዷ ገፍቶ ከጠረጴዛው ጋር እየታገለ፣ አጎንብሳ ያንን ነገር ስትምገው ትውላለች። ቤት ስትገባ ፀጉሯ ይሸታል፤ ደጋግሜ ባጥበው አይለቅም። የጣቶቿ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ባለፈው ሳምንት ወንበሯ ላይ እንዳለች ራሷን ሳተችና ጓደኞቿ ደግፈው አመጡልኝ። ይሄን አልነገረችህም አይደል? ሐኪሙ በግልጽ «ከዚህ ሽታ ራቂ፣ ለጽንሱ አይሆንም» አላት። እሷ በነጋታው ተነስታ ሄደች።

«ያ የማይጎዳው አዲሱ ኬሚካልስ?» ትለኝ ይሆናል። እሱማ መጥቶ ነበር፣ ግን ውድ ነው ተብሎ ሳይውል ሳያድር ተመለሰ። ወረቀቱ ብቻ ተረፈ፤ ቅጠል የተሳለበትን ወረቀት በድሮው ጀሪካን ላይ ለጥፈውታል። ልጅህ ናት እየሳቀች የነገረችኝ፦ «እማ፣ ቅጠሉ አዲስ ቅጥር ነው፣ ሽታው ነባር ሠራተኛ ነው» ብላ። የፈረቃ አለቃቸውን «ሽቶ» ነው የሚሉት። ሽታው እንዳይደርስበት ሽቶ አርከፍክፎ በሩ ላይ ቆሞ ይቆጣጠራል፣ ወደ ውስጥ ዝር አይልም። አብሬያት ሳቅኩና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያውም እንደዚያው። መብራት ይበላል ተብሎ ተዘግቶ ይከርማል። ሲነሳ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ስለሚንቀጠቀጥ ጎረቤቶቼ «ዛሬ ፋብሪካው እንግዳ አለበት» ይላሉ። እንግዳው ሲሄድ መስኮታችንም ጸጥ ይላል። አንተ ይሄን አታውቅም ብዬ ባምን ደስ ባለኝ። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

ሥራውን ተይው ብዬ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ምን አለችኝ መሰለህ? «እማ፣ አንቺ አባዬን ስለተቀየምሽው ነው። ምንም አያደርግሽም ብሎኛል። አባዬ እኔን ይዋሻል?» አዎ፣ ይዋሻል ልበላት? ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ እንኳ «ለሥራ ነው» ብዬ ነው የሸኘሁህ፤ ስምህን በፊቷ አጉድፌ አላውቅም። ይኸው ጨዋነቴ ዞሮ እኔኑ በላኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሽልማቱ ቀን እዚሁ ፋብሪካው ግቢ፣ ከማጣሪያው ከሚወጣው ውሃ አንድ ብርጭቆ በእንግዶቹ ፊት ትጠጣለህ። ትሪውን የምታቀርብልህ ልጅህ ናት፤ አባትና ልጅ ፎቶ ላይ ያምራሉ ብለው መረጧት። «ሽቶ» ለብቻዋ ጠርቶ የታሸገ ውሃ ሰጣት፣ እሱን ገልብጠሽ አቅርቢ ብሎ። ትናንት ምሳ እየበላን ነገረችኝና እንዲህ አለች፦

«የታሸገውን አልቀዳም። ከማጣሪያው ቱቦ ነው የምቀዳው፣ ስሰጠውም ከቱቦው ነው ብዬ በጆሮው እነግረዋለሁ። የምንጠርግበት ሁሉ የሚደፋው እዛው አይደል? አባዬ ከጠጣው ክፉ ነገር የለበትም ማለት ነው፤ እስክወልድ እሠራለሁ፣ አንቺም ሁለተኛ አትጨቅጭቂኝ። ካልጠጣው ጋዋኔን እዛው አውልቄ ቤት እገባለሁ።»

ከዚያ ምግቧን ቀጠለች። እኔ ሳህኔን ትቼ ልደውልልህ ተነሳሁ።

ማጣሪያው በዚያ ጠዋት ቢያጓራም የከረመውን መርዝ ባንዴ እንደማያጠራው ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ስለዚህ አስቀድሜ ነገርኩህ፣ በድንገት ከሆነ ትጠጣዋለህና። አውቅሃለሁ። በሰው ፊት ከማፈር መርዝ መጠጣት ይቀልሃል። ካሜራው ተደቅኖ፣ ሰው እያጨበጨበ፣ ፈገግ ብለህ ስታነሳው ይታየኛል። ለአንተ አንድ ጉንጭ ነው፤ ዞር ብለህ ትተፋዋለህ፣ ብትታመምም ሐኪም አለህ። ለእሷ ግን ያቺ አንድ ጉንጭ እስክትወልድ ድረስ ናት። ከወለደች።

ደውለህ ብርጭቆውን ላስቀይር እንዳትል። ትሪውን ለማንም አትሰጥም፤ የማን ልጅ ሆነችና!

አትጠጣው፤ ሽልማቱ ይቅርብህ። ሥራህንም ሊያሳጣህ ይችላል፤ ይገባኛል፣ እኛን ትተህ የሄድክለት ሥራ ነው። ብታጣው ቤቱን ታውቀዋለህ፣ ቁልፉን አልቀየርኩትም። ይሄን ያልኩህ ታርቄህ እንዳይመስልህ።

ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው። በዛች ሰዓት ደግሞ እግዜር እጅህን ይያዝልህ።

የልጅህ እናት