ባለመናገሯ ስለተሰረዘው የእህቴ የሪፈር ወረቀት

ለመድኃኒት ቤቶች የርቀት ሕክምና ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ የሰፈርዎ ሰዎች እንደምን እንዳለን መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ የእያንዳንዳችን ሕመም ከነዝርዝሩ በመድኃኒት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ የታወቀ ስለሆነ፣ ሲያልፉ አንዱን ቢጠይቁ የሌላውን ይነግርዎታል። እኔ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ልብስ የምጠግን ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅኩም፤ ንባብ የለመድኩት በየመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ታጥፎ ከሚመጣው ማብራሪያ ሳይቀር ካገኘሁት ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የጎንዮሽ ጉዳት ካስከተለብዎ በትሕትና ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ ምስጋና። ድሮ ሐኪም ለማየት ሁለት አውቶቡስ ቀይረን፣ ግማሽ ቀን ቆመን፣ ነገ ተመለሱ ተብለን እንመለስ ነበር። ዛሬ በመድኃኒት ቤቱ የኋላ ክፍል ስክሪን ተተክሏል፤ ፋርማሲስቱ አጠገባችን ተቀምጦ ግፊታችንንና ሙቀታችንን ይለካል፣ ሐኪሟ ከትልቁ ሆስፒታል ሆና በስክሪኑ ታየናለች፣ ከበድ ያለ ነገር ካለም ሪፈር ትጽፋለች። ያለዚያ ወረቀት ሆስፒታሉ በር ላይ የሚያናግረን የለም። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። የቀረው ግን እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ስለ መስታወቱ። ያ ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማስቀመጫ ሲሆን የእንጨት በር ነበረው። አገልግሎቱን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ በሩ ተነቀለ፣ ግድግዳውም ከወገብ በላይ ፈርሶ መስታወት ገባበት። እንግዶቹ አንድ ቀን መጥተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ተመልሰው ሄዱ። እኛ ግን መጎብኘታችንን ቀጥለናል። የወረፋው አግዳሚ ወንበር በር ከሌለው መግቢያ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ሰባት ሰው ያስቀምጣል፣ ዘጠኝ ይቀመጥበታል። በመስታወቱ ላይ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ስላስለጠፈልን፣ ለመሸሸግ ያሰበ ቢኖር እንኳ የት ብሎ እንደሚሸሸግ ግራ ይገባዋል።

ከተረፈኝ ጨርቅ መጋረጃ ሰፍቼ በነጻ ላቅርብ ብዬ ልኩን ለክቼ አመልክቼ ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ «መጋረጃ በዕቅዱ ውስጥ አልተካተተም» የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ነው፤ ልብስ ስቆርጥ ለንድፍ እጠቀምበታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አንቀጽ ሰባት። መመሪያዎ በዚህ አንቀጽ ረዳቱ ባለሙያ ታካሚው ያለውን ሁሉ ከፍ ባለና ጥርት ባለ ድምፅ ለሐኪሟ እንዲደግም፣ በቅጹም ላይ እንዲመዘግብ ያዛል። መሣሪያው ድምፅ በደንብ ስለማይስብ ነው ይባላል፤ መሣሪያውን ከማስጠገን አንቀጽ መጨመር ሳይቀል አልቀረም። ፋርማሲስታችን ጉንዳን ረግጦ የማያውቅ፣ መመሪያም ጥሶ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚያ አንቀጽ ወዲህ ሰፈሩ ጋሼ ማሚቶ ብሎታል።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባለፈው ወር ገብቶ በሹክሹክታ ሦስት ሳምንት እንዳሳለው ተናገረ። ጋሼ ማሚቶም «ሦስት ሳምንት አስሎኛል ይላሉ!» ብሎ ደገመው። ይሄኔ አትክልት ሻጯ ከወንበሩ ላይ «ኧረ ምን ሦስት ሳምንት! የበኩር ልጁን ከዳረ ጀምሮ አይደል እንዴ እንቅልፍ የነሳን!» አለች፤ ጡረተኛው መምህር ደግሞ «ሲጋራውንም ይንገራት እንጂ፣ ምን ያስደብቀዋል!» ሲሉ አከሉበት። ዘበኛው አንገቱን ደፋ። ሐኪሟም የብዙኃኑን ድምፅ ተቀብላ መድኃኒት አዘዘች። ሲነገር ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ፤ የሳቅኩት ተራው የእህቴ እስኪሆን ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ እህቴ። እትዬ ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ገላዋን ስትታጠብ በግራ ጡቷ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ጓጓላ አገኘች። ለእኔ የነገረችኝ ወር ቆይታ ነው፤ ያውም መብራት አጥፍታ።

ወደ ስክሪኑ ሦስት ጊዜ ወሰድኳት። በመጀመሪያው ሐኪሟ «ምን ልርዳዎት?» ስትላት እትዬ ዞር ብላ ወንበሩን አየችና «ራሴን ያመኛል» አለች። ጋሼ ማሚቶ ደገመው፣ ሐኪሟም ክኒን አዘዘች። በሁለተኛው ወገቤን አለች፤ ቅባት ታዘዘላት። በሦስተኛው እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል አለች፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር። ከሌለባት በሽታ ሁሉ የሚያድን መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ተደርድሯል። «ለምን አልነገርሻትም?» ብዬ ብቆጣት፣ «ለማን ልንገር? ለሐኪሟ ነው ለሰፈሩ?» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በዚህ መሐል ዘጠኝ ሳምንት አለፈ። ጓጓላው ወረፋ አይጠብቅም፤ ባቄላ የነበረው የእንቁላል አስኳል አከለ።

በአራተኛው ጊዜ አብሬያት ገባሁ። የመድኃኒት ካርቶን ቀድጄ በጀርባው ላይ «እህቴ ጡቷ ላይ ጓጓላ አለባት። አራተኛ ወሩ ነው። ሰው ስለሚሰማ መናገር አልቻለችም» ብዬ ጽፌ ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁት። ሐኪሟ አነበበች፤ ከዚያ እሷም ወረቀት አነሳችና «ይንቀሳቀሳል ወይስ የተጣበቀ ነው?» ብላ ጽፋ አሳየችን። እትዬ በእጄ ላይ በጣቷ ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ለመነጋገር የተሠራው መሣሪያ ለስድስት ደቂቃ አንድ ቃል ሳይሰማበት እስከ ዛሬ ከሠራው ሁሉ የተሻለ ሠራ። ጋሼ ማሚቶ የሚደግመው አጥቶ እስክሪብቶውን እንደያዘ ተቀመጠ። ጡረተኛው መምህር መነጽራቸውን አውጥተው በመስታወቱ ለማንበብ ሲነሱ፣ አትክልት ሻጯ ዘንቢሏን እንደታቀፈች ፊታቸው ተገተረችና «የኔታ፣ ቁጭ ይበሉ! ስንት ዘመን አነበቡ፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ!» አለቻቸው። ውለታዋን አልረሳም።

ሐኪሟ ሪፈሩን ጻፈች። «በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ አይዘግይ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

አራተኛ። ወረቀቱን ይዘን ሆስፒታል ስንደርስ መዝጋቢዋ ፈልጋ ፈልጋ «እናቴ፣ ይሄ ሲስተሙ ላይ ተሰርዟል» አለቻት። ተመልሰን ስንጠይቅ ከጽሕፈት ቤትዎ ለጋሼ ማሚቶ ማስጠንቀቂያ ደርሶት አገኘነው፤ ደንብ አክባሪ ነውና ከፍ ባለና ጥርት ባለ ድምፅ አነበበልን። ታካሚዋ በቃል ስላልተናገሩና በቅጹ ላይ የተመዘገበ የሕመም መግለጫ ስለሌለ ምክክሩ እንዳልተካሄደ ይቆጠራል ይላል። ታካሚዋ አዲስ ወረፋ ይዘው በቃል ያስረዱ ይላል። አዲሱ ወረፋ የሚደርሰው ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ ነው። ሐኪሟ ከሰጠችን ሁለት ሳምንት ዘጠኙ ቀን አልፏል። ስሌቱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ እኔ ሌሊት ሌሊት ስሠራው ውጤቱ አይቀየርልኝም።

አምስተኛ የለኝም። አራተኛው ይበቃኛል።

ይህን ሁሉ በአደባባይ መጻፌ እህቴ ስትሸሽግ የኖረችውን ነገር ማውጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፤ በማግስቱ ልብስ ስጠግን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጻፊው። ከመሞት መሰንበት ይባል የለ» አለችኝ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ዛሬ በመድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ፣ ከጽሑፍዎ ጎን ይለጠፋል። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጓጓላውን አሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የአንቀጽ ሰባት ዓላማ ከዚህ በላይ ሊሟላ የሚችልበትን መንገድ እኔ አላየሁም፤ እርስዎ ካዩ ግን የቀሩን አምስት ቀናት ሳያልፉ ቢያሳውቁኝ እታዘዛለሁ።

የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የተሰረዘው ሪፈር ይመለስ። በሩም ይመለስ፤ በጓሮ ካርቶን ተደርድሮበት ቆሟል፣ ማጠፊያዎቹ ደኅና ናቸው፣ አናጺው ጎረቤቴ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም ብሏል።

በመስታወት ውስጥ ሆነን ዘወትር ለዕይታዎ የቀረብን፣ ቸርነትዎን ከመጠበቅ ሌላ ዕቅድ ያልተካተተልን፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ አገልጋይ፣

ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ለቁጥጥር ብለው ብቅ ባሉ ጊዜ ከስክሪኑ ፊት እንደተቀመጡ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በፊት ወረፋው በሙሉ ወደ ፀሐይ እንዲወጣ ተደረገ፣ ሾፌርዎም መስታወቱን በካርቶን ሸፈነው። ጋሼ ማሚቶ ከእኛ ጋር ውጭ ቆሞ ነበር፤ አንቀጽ ሰባትም አብሮት ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ያልተደገመበት፣ በቅጹም ያልተመዘገበ ሪፈርዎ በዚያኑ ከሰዓት ሆስፒታሉ እንደተቀበለው ሾፌርዎ ጎማ ሲያስነፋ በኩራት ነግሮናል። እግዚአብሔር ይማርዎ። ሕመምዎ ምን እንደሆነ ከእኛ መሐል እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እህቴም የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነበር።