ትኬቴን የሚያጸድቅልኝ አለቃ ፍለጋ

ለተከበሩ የከተማው ባቡር መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደኅና ሰንብቷል? ወንበርዎስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከሩቅ አገር ወደ ከተማዎ የመጣሁት ታናሽ እህቴ ቀዶ ጥገና ስለነበረባት፣ ማደንዘዣ ከመወጋቷ በፊት እጇን ልይዝላት ቃል ገብቼ ነው። እህቴ መርፌ ስታይ ልቧ ይከዳታል። በግል ጉዳይ ውድ ጊዜዎን መሻማቴን ይቅር ይበሉኝ፤ መሥሪያ ቤትዎ የእኔን ጊዜ ምን እንዳደረገው ቢያውቁ ደስ ይልዎት ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ የትኬት መሸጫ ማሽንዎ በአማርኛ ስላናገረኝ እግዜር ይስጥልኝ። በሰው አገር ቋንቋዬን ሳይ እንባዬ ሊመጣ ነበር። ማሽኑ ግን «ከመሳፈርዎ በፊት ትኬትዎን ያጽድቁ» ሲል አዘዘኝ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚያጸድቅ አለቃ ነው፣ የእኔ ቢጤ ያቀርባል፣ ይጠብቃል፣ ነገ ተመለሽ ይባላል። ስለዚህ እንደ ደንቡ ወረፋ ይዤ፣ ትኬቷን በሁለት እጄ ለመረጃ ክፍሏ ሠራተኛ አቅርቤ ፊርማና ማኅተም ለመንኩ። ልጅቷ ትኬቷን አገላብጣ አየቻት፣ እኔንም አየችኝ፣ ከዚያ ካርታ ሰጥታ ሸኘችኝ። ለካስ አጽዳቂው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቢጫ ሣጥን ኖሯል! አንድ መንገደኛ አዝኖልኝ ትኬቴን ቢያጎርሰው ቀኑንና ሰዓቱን ቀጭ አድርጎ አትሞ መለሰልን። ያለ ቃለ ጉባኤና ያለ ቀጠሮ ነገር ሲጸድቅ በሕይወቴ ያየሁት እናንተ ዘንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስለ ካርታው ነው። ከተማዎ እንደ ሽንኩርት ክብ በክብ ተሸንሽኖ በቀጠና ተከፋፍሏል፤ ማስለቀሱም አልቀረም። የተሳፈርኩት ከቀጠና አንድ፣ ሆስፒታሉ ያለው ቀጠና ሁለት ስለሆነ የሁለቱን ትኬት ገዛሁ፤ በዚህስ ብልህ ነኝ ብዬ ኮርቼ ነበር። ባቡሩ ግን መሃል ላይ ቀጠና ሦስትን ረግጦ ወደ ሁለት እንደሚመለስ የተጻፈው ከካርታው ግርጌ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ነው። በዚህም የተነሳ ከወንበሬ ንቅንቅ ሳልል፣ የቀጠና ሦስት ትኬት ሳይኖረኝ ድንበር ጣስኩ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ከምለው ምስጋና ብለው ይሻለኛል። እዚያው ቀጠና ሦስት ላይ ትኬቴን ያዩት ሁለቱ ተቆጣጣሪዎችዎ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው! በመስኮቱ የሚታየውን ሆስፒታል በጣቴ እያሳየሁ፣ እህቴ እዚያ እየጠበቀችኝ ነው ብዬ በስልኬ አስተርጉሜ ለመንኳቸው። አንደኛው ለእህቴ ምሕረት ከተመኘ በኋላ ከባቡሩ አወረደኝና ለቅጣቱ የፓስፖርቴን ቁጥር ይጽፍ ጀመር። ምንም አልቸኮለም፤ የእጅ ጽሑፉም ያምራል።

እየሮጥኩ ስደርስ አልጋዋ ባዶ ነበር። ነርሷ እንደነገረችኝ እህቴ «ትንሽ ጠብቁልኝ፣ እህቴ መንገድ ላይ ናት» እያለች ስትለምናቸው ቆይታ፣ ሐኪሞቹም ሌላ በሽተኛ ስለሚጠብቃቸው ይዘዋት ገብተዋል። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቅብኛል። ተናድጃለሁ።

ባቡርዎ ከሐዲዱ፣ ክቡርነትዎም ከወንበርዎ እንዳይወርዱ ከልብ እየተመኘሁ፣ ወደር ከሌለው አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

በቀጠና ሦስት ያለ ፈቃድ የተገኘችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እህቴ በደኅና ወጥታለች። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ የቀረሁት ተቀይሜያት እንደሆነ ነው። የቀጠናውን ነገር ባስረዳትም አልገባትም፤ ለማጽናናት የፈጠርኩት መስሏት እጄን ለቀቀችው። እባክዎ እርስዎ መጥተው ያስረዱልኝ፤ አልጋዋ ከመስኮቱ አጠገብ ነው።